ሟች የሌለው ሙሾ

ሰው ሁሉ የሚፈራው ነገር አለው፤ የእኔ ማለዳ ነው። ጎህ ሳይቀድ የግቢ በር ከተንኳኳ እስከ ዛሬ አልከፍትም። ወተት የሚያመጣልኝ ሰው ይህን ስላወቀ ፀሐይ ካልወጣች ደጄን አይረግጥም። ጅብ አልፈራም፣ ጨለማ አልፈራም፣ አለቃማ ድሮም ፈርቼ አላውቅም። ማለዳን ግን እፈራለሁ። ይህ አመል የያዘኝ መንዝ፣ ሞላሌ ከተማ ውስጥ የትርኢት አዘጋጅ ሆኜ በተመደብኩበት ዓመት ነው።

አዘጋጅ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የተሰጠኝ የአንድ አዳራሽ ቁልፍ ነበር። አዳራሹ በደርግ ጊዜ ለስብሰባ ተሠርቶ፣ መንግሥት ሲለወጥ የእህል መጋዘን ሆኖ፣ በኋላ ባዶውን የቀረ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው። ከመድረኩ ሥር አይጥ ይራወጣል። መጋረጃውን ከአቡጀዴ የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ የቀኙ ከግራው አንድ ክንድ ያጥራል። የወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ከኃላፊዬና ከእኔ በቀር ሠራተኛ አልነበረውም። ከዞን ደብዳቤ መጣና፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት የገበያ ቀኖች ለሕዝቡ ልዩ ልዩ ትርኢት ይቅረብ አለ። ኃላፊዬ አንብቦ ሲጨርስ ወደ እኔ ገፋው።

«አምስት ሳምንት፣ አምስት ዓይነት» አለኝ። «አንዱ ሌላውን እንዳይመስል አድርጊ።»

ዘመኑ 1992 ዓ.ም.፣ የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ነው። ቤት ውስጥ እናቴና እኔ ብቻ ነበርን የቀረነው። አባቴ ልጆች ሳለን ሞቷል፤ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ዘምቷል። ሲሄድ እናቴን ለማሳቅ «አትስጊ፣ ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ» ብሏት ነበር። አልሳቀችም። መጀመሪያ ሰሞን ደብዳቤ ይልካል፤ ሁሉም ደብዳቤ የሚያልቀው «ጠቦቴን እንዳትሸጡብኝ» በሚል ነው። ከዚያ ደብዳቤው ቆመ። ትርኢቱ ሲጀመር ከቆመ ሰባት ወር ሆኖት ነበር፤ ጠቦቱም ሙክት ሆኗል።

በእኛ አገር የሞት ወሬ ዝም ተብሎ አይነገርም። ሩቅ አገር የሞተ ሰው እንደሆነ ሽማግሌዎች ጎረቤት ቤት ይሰበሰባሉ፣ የነፍስ አባት ይጠራሉ፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ፣ ባለቤቱ ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ በሩን አንኳኩተው መርዶውን ይነግራሉ። ስለዚህ በዚያ ዓመት ልጅ የዘመተበት ቤት ሁሉ በማለዳ የሰው ኮቴ ያዳምጥ ነበር። እናቴ ከዶሮ ጩኸት በፊት ተነሥታ ከግቢው በር ኋላ ትቆማለች። መንገደኛ ሲመጣ ትንፋሿን ትይዛለች፤ አልፎ ሲሄድ «ዛሬም አለፈ» ትልና በጎቹን ልታወጣ ትሄዳለች። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ አብሬያት እቆጥራለሁ። ኮቴው አንድ ከሆነ መንገደኛ ነው፣ ሁለት ከሆነ ገበያተኛ ነው፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ብርድ ልብሱን ራሴ ላይ እስባለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት የተማሪዎች ድራማ ነበር፤ ስለ በግ ሌባ። ሌባው በመጨረሻ በጥይት ተመትቶ ይወድቃል። ልጁ ደህና አድርጎ ወደቀ። ከፊት ወንበር አንዲት ባልቴት ተነሡና ደረጃውን እየተንፏቀቁ መድረኩ ላይ ወጡ፤ ጋቢያቸውን አውልቀው ልጁን አለበሱት። «ባዶ ጣውላ ላይ አትተኛ ልጄ፣ ብርድ ይመታሃል» አሉት። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ በኋላ ግን የሴትየዋ ልጅ ዘማች እንደሆነ ሰማሁና ሳቄን ጠላሁት።

ሁለተኛው ሳምንት ከዓለም ከተማ ሁለት አውቶቡስ ቀያይሮ የመጣ ማሲንቆ መቺ ነው። ኃላፊዬ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚል ሰው ስለሆነ፣ አዝማሪው ግጥሙን አስቀድሞ በጽሑፍ ያስገባ አለ። መልእክቱን ሳደርስ ማሲንቆውን እየቃኘ ቀና ብሎ አየኝ። «እኔ የሰው ፊት ሳላይ ምን ግጥም አውቃለሁ? ጌታው እንዲያ ከሆነ ፊታቸውን በጽሑፍ ይላኩልኝና ልግጠምላቸው» አለኝ። ለኃላፊዬ፣ ግጥሙ ንጹሕ ነው፣ አይቼዋለሁ ብዬ ዋሸሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አዝማሪው አፉን በከፈተ ቁጥር ጦርነቱን ሊያነሣ ነው ብዬ ኃላፊዬን እመለከት ነበር። ስለ ሴት፣ ስለ ጠጅና ስለ ዓለም ከተማ መንገድ ዘፍኖ ወረደ።

ሦስተኛው ከቆላው የመጡ የነጋዴ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ድቤ እየመቱ መንዙማ አሰሙን። ሁለት ካህናት ነገሩን ነቅፈው ውጭ ቆመው ነበር። ዝናብ ሲያስገባቸው ከኋላ ተቀመጡ፣ ዝናቡ ካባራም በኋላ አልወጡም።

አራተኛው ፉከራና ቀረርቶ ነው። ያን ቀን ከልቤ ፈራሁ። ፎካሪ ያለ ጠመንጃ አይፎክርም። ጠመንጃችሁን በር ላይ አስቀምጡ ብዬ ለመንኩ፤ አስቀመጡ፣ ትኬት እንድትቆርጥ የለመንኳት ተማሪም ከጠመንጃ ክምር ኋላ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አገኘኋት። ሆኖም አንድ ሽማግሌ የራሳቸውን ከጋቢያቸው ሥር ይዘው ገብተው ኖሯል። ፉከራው ሲሞቅ ወደ ላይ ተኮሱ። አዳራሹ በአንድ ጊዜ መሬት ላይ ተኛ፤ እኔ ከመጋረጃው ኋላ ካለው ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ። ስወጣ ቆርቆሮው ተበስቷል፤ ጣት በምታህል ቀዳዳ የገባች ፀሐይ የመድረኩ መሃል ላይ አርፋለች። ኃላፊዬ ልብሱን እያራገፈ «ቀዳዳዋን ሪፖርት ላይ እንዳትጽፊያት» አለኝ።

አምስተኛው ቀረ። ኃላፊዬ አስቀድሞ አስቦበታል። የመንዝ ሙሾ በአገር የታወቀ ነው፣ ከዞን የካሴት መቅረጫ ይዘው ይመጣሉ፣ አልቃሽ ፈልጊ አለኝ።

አልቃሽ ማለት በለቅሶ ቤት ቆማ ሟቹን በግጥም እያነሣች ሰውን የምታስለቅስ ሴት ናት። በአካባቢያችን አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ እሳቸው ያላለቀሱለት ሰው እንዳልሞተ ይቆጠራል ይባላል። ቤታቸው ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ፣ ከሞላሌ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። ባዶ እጅ አይኬድምና አንድ ቁና ገብስ አዝዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች ወዴት ነሽ ሲሉኝ አልቃሿ ቤት እላለሁ፤ እነሱም መልስ ሳይሰጡኝ አቀርቅረው ያልፋሉ። ጨዋነት የጎደላቸው መስሎኝ ስሳደብ ሄድኩ።

አልቃሿ ከደጃቸው የጓሳ ሣር ገመድ እየገመዱ ነበር። ገብሱን ከጀርባዬ ሳላወርድ «ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተም፣ እማማ። ለትርኢት ነው።»

«ትርኢት ማለት?»

«ሰው ተሰብስቦ የሚያየው ነገር ነው።»

«ለቅሶም ሰው ተሰብስቦ የሚያየው ነገር ነው። ሟቹ የት አለ?»

የድሮ ሙሾ፣ ለሌላ ሰው ያለቀሱትን ይበሉልን ብዬ ነገርኳቸው። ገመዱን አስቀመጡ። «የሰው ከፈን ገፍፌ ለሌላ ላልብስ?» አሉ። ከዚያ ተረጋግተው ሥራቸውን አስረዱኝ። «እኔ ጠይቄ ነው የማለቅስ። መቼ ሞተ፣ የት ወደቀ፣ ማን አየው፣ ማን አፈር አለበሰው። ይህን ካልነገሩኝ አፌ አይከፈት። ሰው ሳይሞት ሙሾ ማውረድ ደግሞ ሞት መጥራት ነው።»

ገብሱን ከጀርባዬ አወረድኩ። ፊቴን ሲያዩ ቆዩና «ከቤትሽ ማን ጎድሏል?» አሉኝ።

«ወንድሜ ዘምቷል።»

«ስሙን እንዳትነግሪኝ» አሉ ቶሎ ብለው፣ እጃቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው። እኝህ ሴት የገዛ አፋቸውን ይፈሩ ነበር። ያን ጊዜ ነው እኔም እሳቸውን መፍራት የጀመርኩት። ሆኖም አዳራሹን አይተው ስለማያውቁ፣ ለማየት ጓጉተው ሊመጡ ተስማሙ። «ሟች ግን አንቺ ታገኚያለሽ። አለዚያ ቆሜ እመለሳለሁ።»

በማግስቱ ማስታወቂያ ጻፍኩ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ድራማ ይታያል፣ ማሲንቆ ይመታል ብዬ እንደጻፍኩት ሁሉ፣ «በመጪው የገበያ ቀን በአዳራሹ ሙሾ ይወርዳል። ታዋቂዋ አልቃሽ ይገኛሉ። ሁላችሁም እንድትገኙ» ብዬ ከግርጌው ስሜን አኖርኩ። አንዱን የአዳራሹ በር ላይ፣ አንዱን ወፍጮ ቤት፣ አንዱን የዕድሩ ዳስ ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። እናቴ ማንበብ አትችልም።

በተከታዮቹ ሁለት ቀናት ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ። ሻይ ቤት የጠጣሁትን አልቀበልም አሉኝ። ተጣልታኝ የኖረች ጎረቤታችን ትከሻዬን ዳሰሰችና «አንቺስ ብርቱ ነሽ» አለችኝ። የክርስትና አባቴ፣ የዕድሩ ዳኛም ናቸው፣ መንገድ ላይ ይዘው አቆሙኝ።

«ልጄ፣ ይህን ሸክም ብቻሽን ተሸክመሽ አትዝለቂው። እኛ ምን ሆነን?»

እኔ የገባኝ ስለ አዳራሹ ነው። «አግዳሚ ወንበር ነው የቸገረኝ አባባ። ከዕድሩ አሥር ያህል ብታውሱኝ ይበቃኛል» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። ከሰው ልጅ ልብ እንዲህ ያለ ድንጋይ ይወጣል ብለው እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ትርኢቱ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ጎህ አልቀደደም፤ ውርጭ ነበር። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ኮቴ ሰማሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ከዚያ መቁጠር አቃተኝ። ኮቴው አላለፈም። በራችን ላይ ቆመ።

ስሮጥ እናቴ በሩን ከፍታለች። የክርስትና አባቴ ከፊት ናቸው፣ ከጎናቸው የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው፣ ከኋላ ዕድርተኛው፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ሴቶቹ የነጠላቸውን ጥለት ወደ ላይ ገልብጠው። እነሱ አንድም ቃል ሳይናገሩ እናቴ ወደ ኋላ ትሄድ ጀመር፣ እጇን ዘርግታ እንደምትከለክል።

«እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሣ» አሉ የነፍስ አባታችን። «ልጃችን አርፏል።»

የእናቴን ጩኸት አልጽፈውም። እኔ የማስታውሰው የራሴን ሐሳብ ነው። የመርዶው ደብዳቤ ወረዳ ደርሷል፣ ኃላፊዬ ደብቆኛል፣ ሰው ሁሉ ደግ የሆነብኝ ለዚህ ነው ብዬ አሰብኩ። ሁሉም ነገር ልክ መጣልኝ። አልጠየቅሁም። መርዶ ሊነግር የመጣን ሽማግሌ ከየት ሰማህ ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? መሬት ላይ ወድቄ ደረቴን መታሁ። አልቃሿን የሚያመጣ ሰው ቀድሞ በበቅሎ ተልኮ ነበር። ረፋድ ላይ እናቴ ፀጉሯን ተላጨች። ሴቶቹ ደህናውን ቀሚሷን ከሣጥን አውጥተው በትልቅ ድስት ጥቁር ቀለም ነከሩትና፣ ከነእርጥበቱ አለበሷት።

እኩለ ቀን ላይ አልቃሿ ደረሱ። ከበቅሎ ወርደው፣ ሰውን ሁሉ አልፈው፣ ወደ እኔና ወደ ክርስትና አባቴ መጡ። አላለቀሱም። የሥራቸውን ጀመሩ።

«መቼ ሞተ?»

የክርስትና አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ንገሪያቸው እንጂ።»

«እርስዎ ይንገሯቸው እንጂ አባባ» አልኩ። «እኔ ምን አውቄ?»

«የት ወደቀ?» አሉ አልቃሿ።

የነፍስ አባታችን ወደ ዕድርተኛው ዞሩ።

«ማን አየው?»

የክርስትና አባቴ ፊት አመድ መሰለ። «ልጄ፣ ደብዳቤው የመጣው ለአንቺ አይደለም እንዴ?»

«የምን ደብዳቤ?»

«አልቃሽ ልትጠሪ ገብስ ተሸክመሽ የሄድሽው አንቺ ነሽ። ሙሾ ይወርዳል ብለሽ ስምሽን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። እኛ እኮ እናትሽ በገበያ መሃል፣ በሰው ፊት እንዳትሰማው ብለን ነው ቀድመን የመጣን።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት በምን ቃል ልናገረው? እነሱ እኔ አውቃለሁ ብለው መጡ፤ እኔ እነሱ ያውቃሉ ብዬ ወደቅሁ። መሃል ላይ የሚያውቅ አልነበረም። አልቃሿ ነጠላቸውን አስተካክለው «ላልሞተ አላለቅስም» አሉና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ወደ እጅጌያቸው ሲከቱ አየሁ።

ነገሩ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የክርስትና አባቴ እናቴ እግር ላይ ወደቁ። ተሳስተናል፣ ልጅሽ በሕይወት ነው፣ ልብሱን አውልቂ ብለው ለመኗት። እናቴ ማልቀሷን አቁማ ነበር። የተላጨ ራሷን ቀና አድርጋ አየቻቸው።

«ጠዋት ሞቷል ስትሉኝ አላወቃችሁም» አለች። «አሁን አልሞተም ስትሉኝም አታውቁም። እኔ አላወልቅም። ባወልቅና ሞቶ ቢሆንስ? እሱ ይምጣና ያውልቀኝ።»

ለእኔ ምንም አላለችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ሽሮዬን ከፊቴ አስቀምጣልኝ ዞር ስትል፣ በእኔ ማስታወቂያ ልጄ ይሞትብኛል ብላ እንደምታስብ አውቅ ነበር፤ ምክንያቱም እኔም እንደዚያው አስብ ነበር። ሞት የጠራሁት መስሎኝ ነበር።

ትርኢቱ ይቅር ብዬ ኃላፊዬን ለመንኩት። መቅረጫው ከዞን ደርሷል፣ እንግዶቹ በመንገድ ላይ ናቸው አለኝ። በገበያው ዕለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ ከአራቱ ሳምንታት አንዱም እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። ወሬው ደርሶት ነው። ከፊት ወንበር ጥቁር ለብሳ እናቴ ተቀምጣለች። አትምጪ ብያት ነበር። «ምን እንደሚባል ልስማ» ብላ መጣች።

አልቃሿ ያቺ የጥይት ቀዳዳ ፀሐይ ያረፈችበት ቦታ ላይ ቆሙ። ሰውን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱት።

«የማንን ስም ልጥራ?» አሉ።

በዚያ ቤት ውስጥ የዘማች ዘመድ የሌለው ማን ነበር? አንዲት ሴት የልጇ ስም ከእሷ ሊያመልጥ ይመስል አፏን በሁለት እጇ ሸፈነች። አንድ ሰውዬ ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ፣ ግን አልወጣም። እኔ መጋረጃውን ጨብጬ ከንፈሬን ነክሻለሁ። እናቴ ከተቀመጠችበት «የልጄን እንዳይጠሩ!» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

አልቃሿ ዓይናቸውን በእናቴ ጥቁር ልብስ ላይ አሳረፉ። «እንግዲያስ የራሴን ልጥራ» አሉ። «እኔ ዕድሜ ጠግቤያለሁ፣ ብጠራው የሚጎዳ ሰው የለም።» ከዚያም የገዛ ስማቸውን ሦስት ጊዜ ጠርተው፣ ደረታቸውን መትተው ጀመሩ፦

«ለሰው ሳለቅስ ኖሬ ዓይኔ ደረቀብኝ፣
ለራሴ እንዳላነባ እንባዬ አለቀብኝ።

ሁሉን ስሸኝ ኖርኩኝ እስከ መቃብሩ፣
የሚሸኙኝ ልጆች የት ይሆን የቀሩ?

ሬሳዬ ከባድ ነው ሽማግሌ አይችለው፣
ጎበዙ ይመለስ ትከሻው የቻለው።»

የመጨረሻውን ሁለት ስንኝ ደጋገሙት። ይመለስ ባሉ ቁጥር አዳራሹ እየተነሣ አብሮ ይል ጀመር፤ ወንዱም ሴቱም፣ ካህናቱም። የራሱን ሰው ስም የጠራ የለም። ሁሉም ለእኝህ ባልቴት ሬሳ ተሸካሚ ይምጣላቸው እያለ ነው የሚያለቅስ። እናቴ ቆማ ነበር። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ወጥቼ፣ አዘጋጅ መሆኔን ረስቼ፣ ከአጠገቧ ስቆም እጄን ያዘችኝ። ከዚያ ማለዳ ወዲህ የነካችኝ ያን ጊዜ ነው።

ኃላፊዬ ግን መቅረጫው ላይ ተጎንብሶ ላብ አጥምቆታል። ጦርነት ተፋፍሞ ሳለ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ጎበዙ ይመለስ እያለ በካሴት ተቀርጿል። ሪፖርቱ ላይ ምን እንደሚጽፍ እያሰበ ይመስለኛል። ቁልፉን ተጭኖ አቆመው፣ ካሴቱን አወጣ፣ ኪሱ ከተተ። ያን ካሴት ከዚያ ወዲያ የሰማው ሰው አላጋጠመኝም። ያን ጊዜ ግን በአጠገቡ ሳልፍ የእሱም ከንፈር ይመለስ እያለ ይንቀሳቀስ ነበር።

ክረምቱ ገባ። ጦርነቱ ቆመ ተባለ። ደብዳቤ ግን አልመጣም። እናቴ ጥቁሩን ለብሳ ሰኔንም ሐምሌንም አሳለፈች፤ በግቢው በር ኋላ መቆሙንም አልተወችም። አሁን እኔም አብሬያት እቆማለሁ። አንዳንድ ቀን በእርግጥ ወደ ሞተባቸው ሰዎች ቤት የሚሄዱ ሽማግሌዎች በደጃችን ሲያልፉ፣ ሁለታችንም ግድግዳውን ተደግፈን እስኪያልፉ እንጠብቃለን። ስለ ሌላው ቤት ማዘን የምንጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን እንደዚያ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ አንድ ማለዳ ኮቴ መጣ። ሦስት ሰው ነው። አንደኛው ያነክሳል። በራችን ላይ ሲደርስ ቆመ።

በሩ ተንኳኳ። በሳንቃው ስንጥቅ አየሁ፤ ጋቢ የተከናነቡ ሦስት ሰዎች፣ ጉም ውስጥ።

እናቴ መወርወሪያውን በሁለት እጇ ተጭና ያዘች። «ሂዱ!» አለች። «አልቀበልም! መቼ ሞተ? የት ወደቀ? ማን አየው?»

ውጭ ሰዎቹ ተንሾካሾኩ። ከዚያ የሻከረ፣ የማላውቀው የሚመስል ድምፅ «እማ» አለ። «አትደንግጪ። መኪናችን ትናንት ማታ ጎማ ፈንድቶበት ቆመ። እነዚህ ወንድሞች ደግፈውኝ በእግር ነው የመጣን።»

እናቴ መወርወሪያውን ልታነሣ ስትል እጇን የያዝኳት እኔ ነኝ። «አትክፈቺ» አልኳት። ድምፁን አላመንኩም። ማለዳን፣ በርን፣ ሽማግሌን፣ የገዛ ጆሮዬን አላመንኩም። ሕይወቴን ሙሉ ያፈርኩበት ነገር ቢኖር ያ ነው። በትከሻዋ ገፋችኝና ከፈተችው።

ሁለቱ መንገደኞች ከግራና ከቀኝ ይዘውታል። ቁመቱ ያው ነው፣ ከሥጋው የቀረው ግማሹ ነው። አንድ እግሩን መሬት አያስነካም፤ በትር ተደግፏል። ፈገግ ሊል ጀምሮ ነበር። ከዚያ እናቴን ከራሷ እስከ እግሯ አየ፣ ጥቁሩን ሻሽ፣ ጥቁሩን ቀሚስ፤ እኔንም አየ፣ ከኋላችን ያለውን ባዶ ግቢም አየ። ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ።

«እማ» አለ ወንድሜ። «ማን ሞተብን?»